ሲቀዘቅዝ የሚዞር፣ ሲግል የሚቆም ፋን

የመኪና ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ቀድሞ በሞተሩ ቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ የነበራት የድሮ መኪና ሌላ ሞተር ሲገባላት፣ ማራገቢያው አብዛኛውን ጊዜ በኤሌትሪክ ይሆናል። ሞተሩን ማስቀመጥ የበያጁ ሥራ ነው፤ ፋኑን መቀጠል ግን የማንም ሥራ ሆኖ ለመጨረሻው ቀን ይቀራል። ስለዚሁ ጉዳይ የተጻፉ አምስት ደብዳቤዎች መርጠናል። ሦስቱን በሰፊው፣ የቀሩትን ባጭሩ እንመልሳለን።

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ባለ ካርቡሬተሩን 1300 ሞተር አስወጥቼ ባለ ኢንጀክሽን 1600 የቶዮታ ሞተር አስገባሁ። ኤሌትሪሻኑ አራት እግር ያለው ሪሌ ገዝቶ ፋኑን ቀጠለልኝ። አሁን ቁልፍ ስከፍት፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ፋኑ ይዞራል። የሙቀት ጌጁ ከግማሽ ሲያልፍ ደግሞ ቀጥ ይላል! ፋን ስዊቹን ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፣ ያው ነው። ምን ይሻለኛል?
— ከሽምብጥ

ሦስተኛ ስዊች አይግዙ። ፋኑም፣ ሪሌውም፣ ስዊቹም ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም። ያልተስማሙት የስዊቹና የሪሌው አሠራር ናቸው። ስዊቹ በውሃው ሙቀት የሚገናኝና የሚቆረጥ ማብሪያ ነው፤ ሪሌው ደግሞ በትንሽ ኤሌትሪክ ተስቦ የፋኑን ትልቅ መስመር የሚያገናኝ ወይም የሚቆርጥ ነው።

በላዳ፣ በፊያትና በሌሎች የአውሮፓ መኪኖች የለመድነው ፋን ስዊች ሲቀዘቅዝ የተቆረጠ ነው፤ ሲሞቅ ይገናኝና ሪሌውን ይስባል፣ ፋኑ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ያለው ግን ተቃራኒ ነው። ከ83 ዲግሪ በታች የተገናኘ ነው፤ ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ይቆረጣል። ቶዮታ ይህን ያደረገው በምክንያት ነው፦ የስዊቹ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ሶኬቱ ቢወልቅ ፋኑ ይዞራል እንጂ አይቆምም። ለዚህ የሚሆነው ሪሌም ሳይሳብ የሚያገናኝ፣ ሲሳብ የሚቆርጥ ነው። የእርስዎ ኤሌትሪሻን ተራውን አራት እግር ሪሌ ስላስገባ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ።

በመጀመሪያ ያረጋግጡ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የስዊቹን ሶኬት ይንቀሉና ቴስተሩን ኦም ላይ ያድርጉ። ስዊቹ አንድ እግር ብቻ ካለው አንዱን ጫፍ በእግሩ፣ ሌላውን በስዊቹ ብረት ላይ ያሳርፉ፤ ሁለት እግር ካለው በሁለቱ እግሮች። ወደ ዜሮ ከቀረበ ስዊቹ በቀዝቃዛ የሚያገናኘው የቶዮታ ዓይነት ነው።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ፣ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ የሚገጥም ከሆነ፣ በሙቀት የሚያገናኝ ስዊች ማስገባት ነው። የላዳው ስዊች ጥርስ ስፋቱ 22 ሚሊሜትር፣ እርምጃው (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) 1.5 ስለሆነ የቶዮታው ቀዳዳ ላይ በቀጥታ አይገባም፤ ካስገደዱት አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ እንመርጣለን፦ ስዊቹን ትቶ ሪሌውን ማስተካከል።

የሚያስፈልገው አንድ አራት እግር ሪሌ (ያለዎት ይበቃል)፣ አንድ አምስት እግር ሪሌ፣ ሁለት የሪሌ ሶኬት፣ አንድ የ30 አምፒር ፊውዝ ከነቤቱ፣ አንድ የ5 አምፒር ፊውዝ፣ 4 ሚሊሜትር ካሬ ባለ ብዙ ክር ሽቦ 5 ሜትር፣ እና ለመቆጣጠሪያው 1 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ 4 ሜትር ነው። አምስት እግሩን ሲገዙ ይጠንቀቁ፤ እግሮቹ ላይ 30፣ 85፣ 86፣ 87 እና 87ኤ የሚሉ ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ አንዳንዱ መሐል ላይ 87ኤ ሳይሆን ሌላ ሁለተኛ 87 አለው፤ መልኩ አንድ ነው። ሱቁ ውስጥ ሳሉ ቴስተሩን በ30 እና በመሐለኛው እግር ላይ ያድርጉ፤ ሪሌው ኤሌትሪክ ሳያገኝ ከተገናኙ የፈለጉት እሱ ነው።

አቀጣጠሉ እንዲህ ነው። አራት እግሩ የመጀመሪያ ሪሌ ይሁን፦ 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በ30 አምፒር ፊውዝ በኩል፤ ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ብዙም አይራቅ። 86 ቁልፍ ሲከፈት ከሚመጣው መስመር በ5 አምፒሩ ፊውዝ፤ 85 ወደ ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ወደተገናኘው የመኪናው ብረት)፤ 87 ደግሞ ወደ አምስት እግሩ ሪሌ 30። በአምስት እግሩ፦ 86 ከዚያው ከ5 አምፒሩ ፊውዝ፣ 85 ወደ ፋን ስዊቹ፣ 87ኤ ወደ ፋኑ ፖዘቲቭ። 87 ባዶ ይቀራል፤ ሶኬቱ ውስጥ ሽቦ ካለው ቆርጠው ይሸፍኑት።

«ለምን ሁለት ሪሌ?» ማለትዎ አይቀርም። በአምስት እግሩ ብቻ ቢቀጥሉት ቁልፍ ሲዘጉ ሪሌው ይለቃል፣ 87ኤ ይገናኛል፣ ፋኑም ሌሊቱን ሲዞር ያድራል፤ ጠዋት ባትሪው የለም። የመጀመሪያው ሪሌ የተቀመጠው ይህን ለመቁረጥ ነው።

ሠርተው ሲጨርሱ፣ ቁልፍ ይክፈቱ፤ ፋኑ መዞር የለበትም። የስዊቹን ሶኬት ይንቀሉ፤ ወዲያው መነሳት አለበት። እስኪሠራ ድረስ መኪናውን መንዳት ግድ ከሆነ፣ አሁን ባለው አቀጣጠል የስዊቹን ሽቦ ነቅለው ማሳ ላይ ይሰሩት፤ ቁልፍ እስከተከፈተ ድረስ ፋኑ ያለማቋረጥ ይዞራል። ነዳጅ ትንሽ ይበላል፣ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ግን አያጣምም።

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለላዳዬ ሁለት ፋን ስዊች ገዛሁ፤ ላያቸው ላይ 99-94 የሚል ተጽፎባቸዋል። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልቼ ነክሬ በቴስተር ለካኋቸው፤ ሁለቱም አያገናኙም። ሻጩ ደህና ናቸው ብሎ አልመልስም አለኝ። የውሸት ዕቃ ነው?
— ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ

ሻጩ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። የተሳሳተው ድስቱ ነው።

ያሉባት ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱን ምንም ቢጨምሩበት ሙቀቱ አይጨምርም፣ ይተናል እንጂ። 99 ላይ ተገናኝቶ 94 ላይ የሚለቀውን ስዊች እዚህ ከተማ በፈላ ውሃ መሞከር ማለት ፈተናውን በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። 92-87 የተጻፈበት ቢሆን ይሠራ ነበር።

በዘይት ይሞክሩት። ትንሽ ብረት ጣሳ ውስጥ ሁለት ኩባያ የምግብ ዘይት ያድርጉ፤ ውሃ ጠብታ እንኳ እንዳይኖርበት፣ ይረጫል። ስዊቹን በሽቦ አንጠልጥለው ጥርሱ ድረስ ይንከሩት፤ የጣሳውን ግድግዳም ታቹንም አይንካ። እስከ 150 ዲግሪ የሚለካ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር አጠገቡ ይኑር። በቀስታ ያሙቁ። በ97 እና በ101 መካከል ካገናኘ፣ እሳቱን አጥፍተው ሲቀዘቅዝ 94 አካባቢ ከለቀቀ ጤነኛ ነው። ከ110 በላይ አያስኬዱት።

ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ ነው። 99 ላይ የሚነሳ ፋን በ94 ከሚፈላ ውሃ ጋር እንዴት ይኖራል? የሚኖረው በራዲያተር ክዳኑ ብርታት ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ካለ፣ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጪው አየር በዚያን ያህል ስለሚበልጥ እዚህ ከተማ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ግን ውሃው በ94 ይፈላል፤ ፋኑ 99ን ሲጠብቅ ራዲያተሩ ባዶውን ይቀራል። ባለመኪናው «ፋኑ አልነሳ ብሎ አፈላብኝ» ይላል፤ ፋኑ ግን ተራው አልደረሰም ነበር። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሰው ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ መፍያው 91 ነው።

ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ምክራችን 92-87 ስዊችና አዲስ የ0.9 ክዳን ነው፣ ውሃውም ግማሽ ለግማሽ ከኩላንት ጋር ይሁን። ክዳኑን ለመፈተሽ ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ይዘው ይጨብጡ፤ ጠንክሮ ካልተነፋ ክዳኑ ግፊት አይዝም። ትኩስ ክዳን አይክፈቱ።

ስዊቹን ሲያስገቡ ነጭ የቧንቧ ቴፕ ጥርሱ ላይ የመጠቅለል ልማድ አለ። ባለ አንድ እግር ስዊች ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው፤ ቴፑ ያንን ሊያቋርጥ ይችላል። የመዳብ ቀለበቱ ብቻ ይበቃዋል። ስዊቹ ዘይት ውስጥ ሠርቶ መኪናው ላይ እምቢ ካለ ደግሞ አየር ይጠርጥሩ። የገባው ሞተር ከራዲያተሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ አየር ላይኛው ጥግ ይታሰራል፤ ስዊቹ ውሃ ሳይሆን እንፋሎት ውስጥ ይቀራል። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍተው፣ የመኪናውን አፍንጫ ዳገት ላይ አድርገው፣ የማሞቂያውን ቧንቧ ከፍተው ሞተሩን ያስነሱ፤ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የታችኛው ቱቦ እስኪሞቅ፣ አረፋውም እስኪያቆም ድረስ ውሃ ይጨምሩ።

(ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ መሞቅ ባለበት ልክ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ስዊቹም የሚያነበው ነገር ይዛባል።)

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የ1970ዎቹ ላዳ ላይ የጃፓን ሞተርና ፋን አስገብቻለሁ። ፋኑ በሰዓቱ ይነሳል፣ ግን ደካማ ነው። የሪሌው ሶኬት አንድ ጊዜ ቀልጦ ተቀይሯል። መብራት ሳበራ የሙቀት ጌጁ ከፍ ይላል። ሞተሩ በርቶ ሲለካ ባትሪው ላይ 13.6፣ የፋኑ ሶኬት ላይ 10.8 ቮልት አገኘሁ።
— ከጣና ክፍለ ከተማ

ለክተው ስለጻፉ እናመሰግናለን፤ ሥራው ተጋመሰ። 2.8 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። ፋኑ 15 አምፒር ገደማ የሚወስድ ከሆነ 42 ዋት ሙቀት ሽቦና መገጣጠሚያ ላይ እየነደደ ነው ማለት ነው፤ ይህ የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ ካውያ ያህል ነው። የሪሌው ሶኬት ቢቀልጥ ምን ይገርማል!

ፋኑም የሚሰጠው አየር በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ከባሕር ወለል ይልቅ 17 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ፋኑ ሊሰጥ ከሚገባው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይሰጣል። ቆላ ላይ በቸልታ የሚታለፍ የሽቦ ጉድለት እዚህ አይታለፍም።

የጠፋውን ቮልት የት እንደጠፋ ለማግኘት ፋኑ እየዞረ መለካት ያስፈልጋል፤ ቆሞ ሳለ ሁሉም ሽቦ ጤነኛ ይመስላል። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ። ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያስሩት፣ ጥቁሩን በተራ በተራ በፊውዙ መግቢያ፣ በፊውዙ መውጫ፣ በሪሌው 30፣ በ87፣ በመጨረሻም በፋኑ ፖዘቲቭ ላይ ያሳርፉ። ቁጥሩ ድንገት የዘለለበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። እስከ ፋኑ ድረስ ጠቅላላው ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከዚያ ቀዩን በፋኑ ኔጋቲቭ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ፤ እዚህ ከ0.2 በላይ አይፈቀድም።

ጥርጣሬያችን በሁለቱም በኩል አለ። በፖዘቲቩ በኩል የሽቦውን ውፍረት ይዩ። 3 ሜትር ርዝመት ያለው 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ በ15 አምፒር ግማሽ ቮልት ይበላል፤ 4 ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን 0.2 ብቻ። የቤት መስመር የሚዘረጋበትን ባለ አንድ ክር ሽቦ መኪና ላይ መጠቀም በጭራሽ አይገባም፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ላስቲኩ ውስጥ ይሰበራል፣ ከውጪ ግን ምንም አይታይም። ተጠማዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ካለ በሙሉ ቆርጠው ይጣሉት፤ በመጭመቂያ ፒንሳ የተጨመቀ ጫፍ ይደረግለት። ሪሌው ሲቀየር ሶኬቱም አብሮ ይቀየር፤ አንዴ የጋለ የሶኬት ጆሮ ይላላል፣ የላላ ጆሮ አዲሱንም ሪሌ ያቃጥላል።

መብራት ሲበራ ጌጁ መውጣቱ ግን ሌላውን ወገን ያጋልጣል፦ ማሳ። ሞተሩ የቆመው በጎማ ላይ ነው፤ ከሻሲው ጋር በኤሌትሪክ የሚያገናኘው የማሳ ገመዱ ብቻ ነው። ሞተር ሲቀየር አሮጌው ገመድ ከአሮጌው ሞተር ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ማንም አያስታውሰውም። ያኔ ኤሌትሪኩ ያገኘውን መንገድ ይይዛል፦ የነዳጅ ገመድ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የጌጅ ሽቦ። የነዳጁ ገመድ ሞተሪኖ (የሞተሩ ማስነሻ) ሲመታ ከሞቀ ምርመራው አለቀ። አለዚያም ቀዩን ጫፍ በሞተሩ ብረት፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ አድርገው ሰው ሞተሪኖ ይምታልዎ፤ ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ገመዱ የለም ወይም ዝጓል።

25 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ከባትሪው ኔጋቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ፣ ሌላ 16 ሚሊሜትር ካሬ ከሞተሩ ወደ ሻሲው ያስሩ። የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን እስከ ነጭ ብረት ድረስ ይፋቁ፣ ካሰሩ በኋላ ግራሶ ይቀቡት። የፋኑን ማሳ በራዲያተሩ መያዣ ላሜራ ላይ አይሰሩ፤ ያ ላሜራ ብዙ ጊዜ በጎማ ላይ የተቀመጠ ወይም በቀለም የተለየ ነው።

ሰላም፣ የድሮ ፊያት 124 ነው። ፋን ካስገባሁ ወዲህ ቁልፍ ስዘጋ ሞተሩ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚጠፋው።
— ከዘጌ መንገድ

ፋኑ እየዞረ ቁልፍ ሲዘጉ በራሱ ጉልበት መዞሩን አያቆምም፤ እየዞረም እንደ ትንሽ ዲናሞ ኤሌትሪክ ያመነጫል። ፋኑ ያለ ሪሌ፣ ኮይሉ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው) ከሚመገብበት ከቁልፉ መስመር ላይ ተቀጥሎ ከሆነ ያ ኤሌትሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ኮይሉን ይመግባል። ለማረጋገጥ የፋኑን ሶኬት ነቅለው ቁልፍ ይዝጉ፤ ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ እሱ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎም እየተንገጫገጨ ከቀጠለ ግን ኤሌትሪክ አይደለም፦ ካርቡሬተርና የጋለ ካርቦን ነው፤ ለሌላ ጊዜ። መፍትሔው ፋኑን ከባትሪው በሪሌና በ30 አምፒር ፊውዝ መመገብ፣ ከቁልፉ መስመር ደግሞ የሪሌውን 86 ብቻ መውሰድ ነው። ይህን ቶሎ ያድርጉት፤ 15 አምፒር በቁልፉ ውስጥ እያለፈ ከቆየ ቁልፉም ይቃጠላል።

እንደምን ሰነበታችሁ። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ተከትዬ ስንፏቀቅ አይሞቅም፤ ወደ ባሕር ዳር ዋናው መንገድ ላይ ስፈጥን ይሞቃል። ፋኑን አሳይቼ ደህና ነው ተባልኩ። ሁለተኛም፣ የኮሮላዬን አሮጌ ዲናሞ አዲሱ ኢንጀክሽን ሞተር ላይ ልሰር ወይ?
— ከወረታ

ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲነዱ የመንገዱ አየር ራሱ ይበቃል፤ ፋኑ ብዙም አይጨምርም። ፈጥነው ሲሄዱ ብቻ መሞቁ ስለዚህ በመጀመሪያ ራዲያተሩን ያስጠረጥራል። እናንተ ጋ፣ በፎገራ፣ የሩዝ ገለባና ትቢያ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይገባል፤ ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፣ ከኋላ በባትሪ መብራት ሲያበሩበት ግን ብርሃን አያልፍም። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ይጠቡት፤ ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋል። ቀጥሎ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ የታችኛውን ቱቦ ይመልከቱ፤ ተጨምድዶ ከተጣበቀ ፖምፓው ውሃ እያጣ ነው።

ፋኑን ግን ሙሉ በሙሉ አንተወውም፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሞተር ሲገለበጥም ይዞራል፣ ድምፁም ያው ነው፤ አየሩን ግን ወደ ፊት ይገፋል፣ ከመንገዱ አየር ጋር ይታገላል። ፋኑ እየዞረ አንድ ገጽ ጋዜጣ በራዲያተሩ ፊት ያስጠጉ፤ ከሳበው ትክክል ነው፣ ከገፋው ሁለቱን ሽቦ ያለዋውጡ። ካለዋወጡ በኋላም ደካማ ከሆነ ክንፉ ራሱ ተገልብጦ የገባ ነው፦ የጎደጎደው ፊቱ አየሩን ወደሚገፋበት በኩል መሆን አለበት።

ወደ ዲናሞው። የፊት መብራት 110 ዋት፣ ወደ 8 አምፒር ነው። ማቀጣጠያና የነዳጅ ፖምፓ ከኢንጀክሽኑ ጋር 10 ገደማ፣ የኋላና የጎን መብራት 2፣ የዝናብ መጥረጊያ 4፣ ፋን 15። ድምሩ 39 ይሆናል። የድሮው ዲናሞ 45 አምፒር ቢባል እንኳ በዝቅተኛ ዙር ከዚያ ግማሹን ቢሰጥ ነው፤ ክረምት ላይ ማታ ከተማ ውስጥ ሲነዱ የቀረውን ባትሪው ይከፍላል። ከአዲሱ ሞተር ጋር የመጣውን ዲናሞ ይሰሩ። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን የድሮ ሽቦ ግን እንዳለ አይተዉት፤ ለትንሹ ዲናሞ የተሠራ ነው። በ10 ሚሊሜትር ካሬ ይቀይሩት፣ ርዝመቱም ከሁለት ሜትር አይለፍ።